ስንት ነው? በስንት ሰከንድ? የባዮፊዚክስ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ ነርቭ ሕመም ስመልስ የምሠራው በባዮፊዚክስ ላብራቶሪ መሆኑን ጠቀስ አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ሕመሙን ትተው ሙያዬን ያዙ። አምስቱን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባዮፊዚክስ ምንድን ነው ብዬ መምህራችንን ስጠይቃቸው «ባዮሎጂና ፊዚክስ ሲጣመሩ ነው» ብለውኝ አለፉ። ሁለት ትምህርቶች ሲጣመሩ ለየብቻቸው የማይገኝ ምን አዲስ ነገር ይገኛል?

መልስ፦ መምህርህ አልተሳሳቱም፤ ግን እንዲህ ያለ መልስ ጠያቂን እንደማያጠግብ አውቃለሁ። እኔ በልብ እጀምርልሃለሁ።

ልብ ለምን አለን? ደም ለመርጨት። ደም ለምን ይረጫል? ኦክስጅን ለማድረስ። እስከዚህ ድረስ ከባዮሎጂ ክፍል ይዘኸው የመጣኸው ነው። ነገር ግን ኦክስጅን ያለ ማንም እርዳታ በውሃ ውስጥ ይሰራጫል። ሞለኪውሎች በሙቀት ምክንያት ለአፍታ እንኳ አይረጉም፤ እየተጋጩና እየተገፋፉ ይንከራተታሉ፤ ከበዙበት ወደ አነሱበትም ይሄዳሉ። ታዲያ ኦክስጅኑ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ልብ ለምን ይደክማል? ባዮፊዚክስ እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባና «በስንት ጊዜ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል።

የሚንከራተት ነገር አቅጣጫ አይመርጥም፤ ወደፊት የሄደውን ያህል ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲረዝም ጊዜው 100 እጥፍ ይረዝማል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የአንድ ሴል ስፋት ያህል፣ ማለትም የሚሊሜትር መቶኛ፣ ለመሄድ 25 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ሴንቲሜትር 7 ሰዓት ይወስድበታል። አንድ ሜትር ደግሞ 8 ዓመት! እንግዲህ ከሳንባህ እስከ እግርህ ጣት ስንት ሜትር እንደሆነ ገምትና አስበው።

ባክቴሪያ ልብ ሳይኖረው የሚኖረው፣ አንተ ግን ያለ ልብ ደቂቃዎችን የማትዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ኦክስጅን በሚፈጁ የሰውነታችን ክፍሎች ውስጥ አንድ ሴል በአቅራቢያው ካለችው ቀጭን የደም ሥር ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም አይርቅም። ያንን ርቀት ኦክስጅን በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ይሄደዋል። ደም ረጅሙን መንገድ ይሸፍናል፤ መንከራተት የመጨረሻዋን አጭር መንገድ ይጨርሳል። ልብን ቀዶ ማየት ብቻውን ይህንን አያሳይም፤ እኩልታውን ብቻ የያዘ ሰውም ልብ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም።

የመማሪያ መጻሕፍት የባዮፊዚክስን ዘርፎች በረጅሙ ይደረድራሉ፤ ለፈተና ካልሆነ ብዙም አይጠቅሙህም። ፊዚሲስቶች ባይገቡበት ኖሮ የዲኤንኤ ቅርጽ ራሱ መቼ ይታወቅ እንደነበር እንጃ። በ1952 ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሬይመንድ ጎስሊንግ በኤክስሬይ ያነሱት ምስል ላይ የሚታዩት በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው። ከነጠብጣቦቹ ርቀት ተነሥቶ ግን ሞለኪውሉ ጠምዛዛ መሆኑንና አንዱ ዙር 3.4 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) መርዘሙን ማስላት ተቻለ።

ጥያቄ፦ በልብ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የልብን ኤሌክትሪክ በየቀኑ በወረቀት እያነሳሁ ለሐኪሞች እሰጣለሁ። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመነጭ ግን በሚገባ ያስረዳኝ የለም። ሰውነታችን ውስጥ ባትሪ አለ? ሽቦውስ የት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባትሪው አለ፤ ያውም በእያንዳንዱ ሴልዎ ውስጥ። ሽቦ ግን የለም። ይህ የራሴ የሥራ መስክ ስለሆነ ትንሽ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

ሴል ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው። በሽፋኑ ላይ የተተከሉ የፕሮቲን ፓምፖች ኃይል እየከፈሉ 3 የሶዲየም አዮን (የኤሌክትሪክ ሙላት የያዘ አቶም) ወደ ውጭ ሲያስወጡ 2 የፖታሲየም አዮን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። በዚህም ፖታሲየም በውስጥ፣ ሶዲየም በውጭ ይከማቻል። ፖታሲየሙ ለእርሱ ብቻ በተከፈቱ የፕሮቲን ቦዮች ጥቂት ጥቂት እያለ ሲያፈተልክ ፖዘቲቭ ሙላቱን ይዞ ስለሚወጣ የሴሉ ውስጥ ነጌቲቭ ይሆናል። በነርቭ ሴል ላይ ሲለካ ከዜሮ በታች 70 ሚሊቮልት፣ በልብ ጡንቻ ላይ ደግሞ 90 ሚሊቮልት ገደማ ነው።

ከባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ጋር ካስተያዩት ኢምንት ይመስላል። አይቸኩሉ፤ ወሳኙ ቮልቴጁ ስንት ውፍረት ላይ እንዳረፈ ነው። 70 ሚሊቮልት ለ5 ናኖሜትር ሲካፈል በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይወጣዋል። ደረቅ አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ሲደርስ መቋቋም ያቅተውና ብልጭታ ይፈነጥቃል። የእርስዎ ሴሎች አየር የማይችለውን አራት እጥፍ ያህል ተሸክመው ዝም ብለው ይውላሉ።

ሽቦ የለም ያልኩት መልእክቱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በመዳብ ውስጥ በሚሄድበት መንገድ ስላልሆነ ነው። በሽፋኑ ላይ ቮልቴጅ ሲለወጥ የሚከፈቱ የሶዲየም ቦዮች አሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲከፈቱ ሶዲየም ይጎርፋል፤ ውስጡ ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ፖዘቲቭ ይሆናል። ያ ለውጥ ጎረቤቶቹን ቦዮች ይከፍታል፤ እነርሱም ቀጣዮቹን። መልእክቱ በየደረሰበት እንደ አዲስ ስለሚወለድ መንገድ ላይ አይዝልም። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ፍጥነቱን ሲለካ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ አገኘ። በዘመኑ የነርቭ ፍጥነት ፈጽሞ ሊለካ እንደማይችል የሚያምኑ ትልልቅ ሊቃውንት ነበሩ፤ የገዛ መምህሩም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

አሠራሩን በቁጥር የፈቱት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው። ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ አንድ ሚሊሜትር ያህል ሊወፍር የሚችል የነርቭ ጭራ አለው፤ የእኛ በሚሊሜትር መቶኛ ነው የሚለካው። በዚያ ወፍራም ነርቭ ውስጥ ቀጭን የብረት ሽቦ ማስገባት ይቻላል። በ1952 ባሳተሟቸው ጽሑፎች የሶዲየምንና የፖታሲየምን ፍሰት የሚገልጹ እኩልታዎች አወጡ። የዩኒቨርሲቲያቸው ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ ለወራት ከአገልግሎት ውጭ ስለነበር ሃክስሊ እኩልታዎቹን በእጅ በሚዘወር የሒሳብ ማሽን ፈታቸው። መልእክቱ በሰከንድ 18.8 ሜትር መሮጥ አለበት የሚል ውጤት መጣ። በነርቩ ላይ የተለካው 21.2 ሜትር ነበር። በዚህ መስክ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ማሽኑን እየዘወረ ከወረቀት ላይ ብቻ ተነሥቶ የአንድን እንስሳ የነርቭ ፍጥነት ያን ያህል መቃረብ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦዮቹን ግን ማንም አላያቸውም ነበር። ኤርቪን ኔኸርና በርት ሳክማን በ1976 የአንዲት ነጠላ ቦይን ጅረት የመለኪያ ዘዴ አሳተሙ፤ እኔ ዛሬም የምሠራው በእርሱ ነው። የመስታወት ቱቦ እናግልና ስበን እናቀጥነዋለን፤ ጫፉ የሚሊሜትር ሺህኛ ያህል ይቀራል። ጨዋማ ፈሳሽ ሞልተን በማይክሮስኮፕ እያየን ወደ ሴሉ እናስጠጋዋለን። ጫፉ ሽፋኑን ሲነካ በቀጭን ጎማ በአፋችን ትንሽ እንስባለን። ከተሳካ ሽፋኑ መስታወቱ ላይ ይጣበቅና በስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረው መስመር በድንገት ጸጥ ይላል። ካልተሳካ ቱቦው ይጣላል፤ ሌላ ይሳባል። ሲሳካ ግን ጠፍጣፋው መስመር ድንገት ዝቅ ይልና ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እንደገና ይወርዳል። እያንዳንዷ ዝላይ አንዲት ፕሮቲን ስትከፈትና ስትዘጋ ነው። የጅረቱ መጠን ጥቂት ፒኮአምፔር ነው፤ አንድ ፒኮአምፔር ማለት ደግሞ በሰከንድ 6 ሚሊዮን ያህል አዮን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የፖታሲየም አዮን ከሶዲየም አዮን ይተልቃል። ሆኖም የፖታሲየም ቦይ ትልቁን እያሳለፈ ትንሹን ይከለክላል! ሮድሪክ ማኪነን በ1998 የአንዲት የፖታሲየም ቦይን ቅርጽ በኤክስሬይ ሲያወጣ ምስጢሩ ታየ። አዮኖች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ የውሃ ሞለኪውሎች ይከቧቸዋል፤ በጠባቧ ቦይ ለማለፍ ያንን መጎናጸፊያ መጣል አለባቸው። የቦዩ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የኦክስጅን አቶሞች ርቀታቸው ለፖታሲየም ልክ ስለሆነ ውሃውን ተክተው ይቀበሉታል። ለሶዲየም ይሰፋበታል፤ ውሃውን ጥሎ በምትኩ የሚያገኘው ስለማይበቃው አይገባም።

ወደ እርስዎ ወረቀት ልመለስ። በአንድ የልብ ሴል ላይ 100 ሚሊቮልት ያህል የሚወዛወዘው ቮልቴጅ ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል። ቪለም አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትን የልብ መመዝገቢያ ሲሠራ ታካሚዎቹ እጆቻቸውንና አንድ እግራቸውን ጨው ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ መንከር ነበረባቸው። እርስዎ ዛሬ የሚለጥፉት ቅባት ያላት ቁራጭ የዚያ ዕቃ ምትክ ነች። ቁስል ከመስፋታችሁ በፊት የምትወጉት ሊዶኬይንም የሶዲየም ቦዮችን ይዘጋል፤ ቁስሉ እዚያው አለ፣ የሕመሙ መልእክት ግን አይነሣም።

ጥያቄ፦ «በሴሎቻችን ውስጥ የሚራመዱ ሞተሮች አሉ» የሚል አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ ለማሳመር የተባለ ነው ወይስ እውነት? እውነት ከሆነ ይህን ያህል ያነሰ ነገር ጉልበቱ እንዴት ይለካል?

መልስ፦ ቃል በቃል እውነት ነው። ኪኔሲን የሚባል ፕሮቲን ሁለት እግር መሰል ክፍሎች አሉት። በሴሉ ውስጥ በተዘረጋ የፕሮቲን ዘንግ ላይ አንዱን እግር ከሌላው እያስቀደመ ዕቃ ተሸክሞ ይሄዳል። ከጀርባ አጥንትዎ ተነሥቶ እግርዎ የሚደርስ የነርቭ ሴል አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል፤ ከላይ ለተማሪው የሰጠሁትን ሒሳብ ካነበቡ በመንከራተት ብቻ ምንም ነገር ጫፉ ላይ እንደማይደርስ ያውቃሉ። ሞተሮቹ የሚሸከሙት ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 40 ሴንቲሜትር ይጓዛልና በጥቂት ቀን ውስጥ ይደርሳል።

ጉልበቱ የሚለካው በብርሃን ነው። ብርሃን ነገሮችን ይገፋል፤ እኛ አይሰማንም እንጂ። አርተር አሽኪን በ1986 አንድ ሌዘር በሌንስ ወደ አንዲት ነጥብ ሲሰበሰብ ደቃቅ ኳስን ነጥቧ ላይ ይዞ ማስቀረት እንደሚችል አሳየ፤ በዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት በ2018 ሲያገኝ ዕድሜው 96 ነበር። ተመራማሪዎች ከሚሊሜትር ሺህኛ የማትበልጥ ኳስ ላይ ኪኔሲን ያጣብቃሉ፤ ኳሷን በሌዘር ይዘው ዘንጉ ላይ ያሳርፏታል። ሞተሩ ሲራመድ ኳሷን ይጎትታል፤ ብርሃኑ ወደ ኋላ ይይዛታል። ኳሷ ከነጥቧ ምን ያህል እንደራቀች ከታወቀ ጉልበቱ ይሰላል። በ1993 እንዲህ ሲለካ የወጣው ሥዕል ደረጃ ይመስል ነበር፤ እያንዳንዷ እርምጃ 8 ናኖሜትር ናት። ሞተሩ የሚቆመው ጭነቱ 6 ፒኮኒውተን አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ፒኮኒውተን የአንድ ቀይ የደም ሴል ክብደት ያህል ነው፤ ስለዚህ ይህ አንድ ሞለኪውል ስድስት የደም ሴሎችን የሚያነሣ ጉልበት አለው።

ግን ሞተር ስልዎ ዘይትና ጥርስ ያለው መዘውር እንዳይመጣብዎ። በዚያ መጠን ያለው ዓለም ከእኛ ዓለም ጋር አይመሳሰልም። የኪኔሲን እግሮች ከየአቅጣጫው በሚመታቸው ውሃ ያለማቋረጥ ይናጣሉ፤ ሞተሩ ነዳጁን የሚጠቀመው ከዚህ መናጥ ወደፊት የሚወስደውን አስቀርቶ ወደኋላ የሚመልሰውን ለመከልከል ጭምር ነው። ባክቴሪያንም ይውሰዱ። በሰከንድ የራሱን ርዝመት 10 እጥፍ ይዋኛል፤ ጭራውን ማሽከርከር ባቆመ ቅጽበት ግን ከአንድ አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእርሱ ውሃ ለእኛ ማር ውስጥ እንደመዋኘት፣ ከዚያም የባሰ ነው። እኛ የለመድነው በራስ ግፊት መንሸራተት እዚያ የለም።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የቴርሞዳይናሚክስን ሁለተኛ ሕግ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ሁሉም ነገር ወደ ትርምስ የሚሄድ ከሆነ ከአንዲት ሴል ሙሉ ሰው እንዴት ይወጣል? ሕይወት ሕጉን ይጥሳል ማለት ነው?» ብለው ይሞግቱኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አይጥስም ይበሏቸው፤ የሒሳብ መዝገቡን ሙሉ ያድርጉት እንጂ ግማሹን ብቻ አይዩ ብለው ይጨምሩ። ሕጉ ትርምስ አይቀንስም የሚለው ከውጭ ምንም ለማይገባበትና ለማይወጣበት ነገር ነው። ሕያው ነገር ክፍት ነው፤ በውስጡ ሥርዓት ሲሠራ ወደ ውጭ ሙቀት ይጥላል፤ በውጭ የሚጨምረው ትርምስ በውስጥ ከተቀነሰው ይበልጣል። ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1943 በደብሊን ባሰማቸው ንግግሮች ይህንኑ ጥያቄ ለፊዚሲስቶች ካቀረበ በኋላ ብዙዎች ወደ ባዮሎጂ ፊታቸውን አዙረዋል።

ተማሪዎችዎ ቁጥር የሚወዱ ከሆነ ይህን ይስጧቸው። አንድ ሰው አርፎ ተቀምጦ ሳለ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። በ70 ኪሎግራም ቢካፈል ለአንድ ኪሎግራም 1.4 ዋት ይደርሰዋል። የፀሐይ ጠቅላላ ኃይል ለክብደቷ ቢካፈል ለአንድ ኪሎግራም የሚደርሰው ከዋት አሥር ሺህኛ 2 ያህል ብቻ ነው። ኪሎ ለኪሎ ሲመዛዘን ክፍልዎ ውስጥ የሚያንቀላፋው ተማሪ ፀሐይን ሰባት ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣታል። ሒሳቡን ራሳቸው ይሥሩት፤ እርስዎ ነግረዋቸው አያምኑም።

ጥያቄ፦ አባቴ የመግነጢስ አምባር ገዝተው ከእጃቸው አያወልቁም። ሻጩ «ደም ውስጥ ብረት ስላለ መግነጢሱ ዝውውሩን ያፋጥናል፤ በባዮፊዚክስ የተረጋገጠ ነው» ብሏቸዋል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ብረት እንደ ምስማር ብረት ተሰብስቦ የተቀመጠ አይደለም፤ ነጠላ ነጠላ አቶም ሆኖ በሄሞግሎቢን ውስጥ የታሰረ ነው። ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮሪየል በ1936 እንዳሳዩት ኦክስጅን የያዘ ደም በመግነጢስ ይሳባል እንኳን ሊባል በጥቂቱ ይገፋል፤ ኦክስጅኑን የለቀቀው ደግሞ በጣም ደካማ በሆነ ሁኔታ ይሳባል። ይህችው ትንሽ ልዩነት ቁም ነገር ላይ ውላለች፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የትኛው የአእምሮ ክፍል እየሠራ እንደሆነ በኤምአርአይ የሚታየው በእርሷ ነው። የኤምአርአይ ማሽን ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ (ቴስላ የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ነው፤ ከአምባሩ እጅግ ይበረታል። ሰው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ደሙ ወደ አንድ ጎን ተስቦ አያውቅም።

አባትዎን ግን በዚህ አያስቀይሟቸው፤ እጃቸው ላይ ቢያደርጉት ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። አንድ ነገር ብቻ አጣርተው ይጠይቋቸው፦ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል? ከሆነ መግነጢሱ ወደ ደረታቸው ሲጠጋ የመሣሪያውን አሠራር ሊለውጠው ስለሚችል፣ በተለይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚተኙ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ያውልቁትና ሐኪማቸውን ያማክሩ።